የ14 ዓመት ውሻችንን ያለ ስቃይ ለመሸኘት ምን ምን እናዘጋጅ?

የሁለት ልጆች እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። ውሻችን መቻል 14 ዓመቱ ነው፤ የጀርመን ሸፐርድ ድቅል ሲሆን 32 ኪሎ ይመዝናል። የኋላ እግሮቹ እየከዱት ሴራሚክ ላይ እየተንሸራተተ ይወድቃል። ሌሊት ያለከልካል፣ ሽንቱ ያመልጠዋል፣ ምግቡንም ግማሹን ይተዋል። ሰው ሲያይ ግን ጭራውን ይቆላል፤ ስለዚህ ጊዜው ደርሷል ለማለት እጃችን አልደፈረም። ቁርጡ በምን ይታወቃል? እስከዚያው ጎረቤት እንደመከረችን ዲክሎፌናክ ብንሰጠውስ? መርፌው ቤት ውስጥ ሲሰጥ ምን ይመስላል? የምንኖረው ቀበና ነው፤ ግቢ ውስጥ ብንቀብረው ጅብ ያወጣዋል ብለን እንሰጋለን። እናቴ ደግሞ «ነፍስ ነው፣ የሰጠው ይውሰደው» ትላለች። ለ6 ዓመቷ ልጄስ ምን ልበላት?

የውሻና የድመት ሐኪም፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዲክሎፌናኩን አይስጡት። ውሻ ላይ ጨጓራ ያቆስላል፣ ያደማል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ሰጥታችሁት ከሆነ ለሚያየው ሐኪም አትደብቁ፤ ሌላ ማስታገሻ ከመጀመሩ በፊት ከ5 እስከ 7 ቀን ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ለውሻ የተለመደው ማስታገሻ ሜሎክሲካም ነው፦ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ በቀን አንድ ጊዜ በኪሎ 0.1፣ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር። ለመቻል በቀን 3.2 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፋርማሲ ያለው የሰው ክኒን 7.5 እና 15 ሚሊግራም ስለሆነ ትንሹን እንኳ ሙሉውን መስጠት የቀኑን መጠን ከእጥፍ በላይ ያደርሰዋል። ከመጀመሩ በፊት የኩላሊት የደም ምርመራ ይደረግለት። ካስመለሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ያቁሙት። ከፕሬድኒሶሎን ወይም ከዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች) ጋር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጨጓራን እስከ መብሳት ይደርሳሉ። ሜሎክሲካም ካልበቃው ሐኪሙ ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ ሕመም ማስታገሻ ሊጨምርለት ይችላል፤ በዚህ ክብደት አንድ የ300 ሚሊግራም ካፕሱል በ8 ወይም በ12 ሰዓት ልዩነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንገዳግደዋል፣ አትደንግጡ። ሽሮፑን ግን አትግዙ፤ አንዳንዱ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለበት፣ ለውሻ መርዝ ነው።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ራሳችሁ ፈትኑ። አንድ ሰው ሆዱ ሥር ደግፎት ሲያቆመው የኋላ መዳፉን ገልብጣችሁ ጀርባው መሬት እንዲነካ አድርጉት። ጤነኛ ውሻ ወዲያው ይመልሰዋል። ገልብጦት ከቆየ፣ የጥፍሮቹም ላይኛው ገጽ ተፍቆ ካገኛችሁት፣ ችግሩ ከመገጣጠሚያ ይልቅ ከአከርካሪ ነርቭ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዝርያ ላይ እያደር የሚያሰንፍ፣ ራሱ ግን የማያም የነርቭ ሕመም አለ። ያ ከሆነ ማስታገሻ እግሩን አያቆመውም፤ ምንጣፍና ድጋፍ ነው የሚጠቅመው።

ስለ ቁርጡ፦ አሊስ ቪላሎቦስ የምትባል አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም ያወጣችው መመዘኛ አለ። ሕመም (አተነፋፈስን ጨምሮ)፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ፣ እና ደኅና ቀኑ ከክፉ ቀኑ መብለጡ፣ እነዚህ ሰባቱ እያንዳንዳቸው ከ0 (እጅግ ክፉ) እስከ 10 (እጅግ ደኅና) ይሰጣቸዋል። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ማስታመም ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ አትሙሉት፤ ሁለት ሰው ለየብቻው በየሦስት ቀኑ ይሙላ፣ ያኔ መውረዱ በግልጽ ይታያል። በተጨማሪ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ከ30 መብለጥ የለበትም። ድዱ የነጣ ወይም የጠቆረ ከሆነ ወይም ቆሞ አንገቱን ዘርግቶ ለመተንፈስ የሚታገል ከሆነ ድምሩን አትጠብቁ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይጠራ።

ጭራ መቁላቱ እናንተን በማየቱ ደስ ብሎታል ማለት እንጂ አላመመውም ማለት አይደለም። የሌሊቱ ማለክለክና ቦታ እየቀያየሩ አለመተኛት ከጭራው የበለጠ ይናገራል። እኔ ከቤተሰቡ ጋር ሳልግባባ የምቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ባለቤቶች ውሻው ጨርሶ መብላት እስኪያቆም ይጠብቃሉ፣ ብዙ ውሻ ግን በብርቱ ሕመም ውስጥም ሆኖ ይበላል።

መርፌው በደንብ ሲሠራ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ጡንቻው ላይ ማደንዘዣ ይወጋል፣ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይተኛል። ቀጥሎ የፊት እግሩ ፀጉር ተላጭቶ ደም ሥሩ ላይ ካኑላ (ቀጭን የመድኃኒት ቱቦ) ይገባል፤ በእሱ ፔንቶባርቢታል የሚባል ብርቱ ማደንዘዣ በብዛት ሲሰጥ ትንፋሽና ልብ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይቆማሉ። የደም ዝውውሩ በደከመ ሽማግሌ ውሻ ትንሽ ሊቆይ ይችላል። ማደንዘዣው ዛይላዚን ከሆነ ውሻን ያስመልሳል፤ ስለዚህ የሚወደውን ሥጋ ማታውን አብሉትና ጠዋት ሆዱ ባዶ ይሁን። ዛይላዚን ደም ሥርንም ያጠባል፤ ውሻው ውሃ ካነሰው ደም ሥሩ ጨርሶ ይጠፋል፣ ተደጋጋሚ መወጋትም የሚመጣው ከዚህ ነው። ሐኪሙ ካኑላውን ከማደንዘዙ በፊት እንዲያስገባ ጠይቁት።

ካለፈ በኋላ ዓይኑ አይከደንም። ሽንትና ሰገራ ሊለቅ፣ ጡንቻው ሊንቀጠቀጥ፣ አንድ ሁለቴም ትንፋሽ የሚመስል ነገር ሊወጣው ይችላል፤ ተነሣ ማለት አይደለም፣ ስሜት የለውም። ሐኪሙ ልቡን በማዳመጫ ለጥቂት ደቂቃዎች ሳያዳምጥ «አለቀ» ካለ አትቀበሉት።

አስታማሚ፦

የእናትሽ ቃል ከባድ ነው፤ በክርክር አይመለስም፣ መመለስም የለበትም። እሳቸው እስኪቀበሉ ወይም ራሱ እስኪያልፍ ድረስ የምታስታምሙት ከሆነ ግን ማስታመሙ በእውነት ማስታመም ይሁን። ግቢ ጥግ ማዳበሪያ ላይ ትቶ «በጊዜው ይሄዳል» ማለት ለፈጣሪ መተው አይደለም።

ከሥር ወፍራም ፍራሽ፣ በላዩ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ የሚታጠብ ጨርቅ አንጥፊ። ራሱ መገልበጥ ካቃተው በየ4 ሰዓቱ ጎኑን ቀይሩለት፤ ካልሆነ ዳሌውና ክርኑ ላይ አጥንት የሚያሳይ ቁስል ያወጣል። ከጭራው ሥርና ከጭኑ ውስጥ ፀጉሩን አሳጥሪ፣ ሽንት የነካውን ለብ ባለ ውሃ አጥበሽ በደንብ አድርቂ፣ ከዚያ ስስ ቫዝሊን ቀቢው። ዝንብ የዋዛ አይደለም፤ በረጠበ ፀጉር ውስጥ በአንድ ቀን ትል ይፈለፍላል፣ ስለዚህ ቀንም አጎበር ይደረግለት። ስታስነሱት ፎጣ በሆዱ ሥር ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳልፋችሁ እንደ ማንገቻ ያዙት። ወንድ ስለሆነ ፎጣው ብልቱን እንዳይጫነው ተጠንቀቁ፣ ሽንቱን ይይዝበታል። ከአልጋው እስከ በር ሴራሚኩ ላይ ምንጣፍ ይዘርጋ።

ውሃ በሲሪንጅ የምትሰጪው እየዋጠ ከሆነ ብቻ ነው፤ በጉንጩ በኩል፣ ራሱ ቀና ብሎ፣ ጥቂት በጥቂት። ያልዋጠውን ማጋት ውሃውን ወደ ሳንባ ይሰደዋል።

ለልጅሽ «አንቀላፋ» አትበያት። ለትልቅ ሰው የከበረ ቃል ነው፤ የ6 ዓመት ልጅ ግን ማታ መተኛት ትፈራለች። «ሰውነቱ መሥራት አቆመ፣ ሞተ፣ አይመለስም፣ አያመውምም» በያት። መርፌ የሚሰጠው ከሆነ ደግሞ እሷ ጤና ጣቢያ ከምትወጋው ጋር ጨርሶ እንደማይገናኝ አስረጃት።

ግንበኛው፦

ጅቡ ያወጣዋል፣ ጉድጓዱ ጥልቀት ከሌለው። ወደ ወንዙና ወደ እንጦጦ በኩል ያለ ሰፈር በተለይ። ለዚህ ዓይነት ውሻ ርዝመቱ 1.2 ሜትር፣ ወርዱ 70 ሳንቲም፣ ጥልቀቱ 1.4 ሜትር ይሁን፤ ከሰውነቱ በላይ ቢያንስ 1 ሜትር አፈር መቅረት አለበት። ከአንድ ሜትር ኩብ በላይ አፈር ነው የሚወጣው፤ ለሁለት የቀን ሠራተኞች ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ከቀኑ በፊት ይቆፈር። ሟርት ነው የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ግን በድኑን በረንዳ ላይ አስቀምጦ ድንጋይ ላይ መዶሻ መምታት ለቤተሰቡ እጅግ ይከብዳል። እስከዚያው አፉን በቆርቆሮ ክደኑት፣ ልጆች አሉ።

ቦታውን ስትመርጡ ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ያህል፣ ከሴፕቲክ ታንክ፣ ከውሃ መስመርና ከተቀበረ የመብራት ገመድ ራቁ። ጎመን የሚተከልበት መደብ አይሁን። ክረምት ከሆነ ከፍ ያለውን ቦታ ምረጡ፤ ዝቅ ያለው በአንድ ሌሊት ውሃ ይሞላል። አፈሩ መረሬ ከሆነ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ሽታው በስንጥቁ ይወጣል፤ ከላይ ያለውን 50 ሳንቲም ቀይ አፈር አምጥታችሁ ሙሉት።

በላስቲክ አትጠቅልሉት፣ አይፈርስም። አቡጀዲ ይበቃል። ብዙ ሰው ድንጋይ ከላይ ብቻ ይከምራል፤ ጅብ ያንን ይገፋዋል። ግማሹን አፈር መልሳችሁ ከረገጣችሁ በኋላ፣ ከገጹ 40 ሳንቲም ያህል ወደ ታች፣ ጠፍጣፋ ጥርብ ድንጋይ አጠጋግታችሁ አንጥፉ። ከዚያ ቀሪውን አፈር በየ20 ሳንቲሙ እየረገጣችሁ መልሱ፣ ከላይም 20 ወይም 30 ሳንቲም ጉብ ይበል፤ ይሰጥማል። ኖራ ሽታ ይቀንሳል እንጂ ቶሎ አያፈርስም።

የውሻና የድመት ሐኪም፦

ግንበኛው ያለው ጥልቀት ለጅብ ብቻ አይደለም። ፔንቶባርቢታል በበድኑ ውስጥም በአፈሩ ውስጥም ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ቆፍሮ የበላ ውሻም ሆነ አሞራ ይሞትበታል። ወንዝ ዳር ወይም ገንዳ ላይ መጣል የማይገባው በዚህም ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። ባለፉት 10 ቀናት ሰው ነክሶ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትናገሩ እንዳይወጋ፤ የእብድ ውሻ በሽታ እንደሌለው የሚታይበት የ10 ቀን ክትትል የተነከሰውን ሰው ሕይወት የሚመለከት ነው። በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ መንጋጋው ከወደቀና ለሃጩ ከተዝረከረከ ደግሞ አትንኩት። የእብድ ውሻ በሽታ በአንጎል ምርመራ ነው የሚረጋገጠው፤ አዲስ አበባ ላይ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ውጭ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፦ አሜሪካ ውስጥ ቤት ድረስ የሚመጡ ሐኪሞች አሉ፣ ግን ከቀናት በፊት ቀጠሮ ይያዝ። አፓርታማ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ ማቃጠልን ይመርጣል። የጋራ ከሆነ አመዱ አይመለስም፤ አመዱን የምትፈልጉ የግል መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥላችሁ፣ ከአስከሬኑ ጋር የሚገባ ቁጥር ያለው ብረት እንዳለም ጠይቁ። የአመዱን ዕቃ ስትገዙ ለእያንዳንዱ ፓውንድ የውሻው ክብደት አንድ ኪዩቢክ ኢንች አስቡ፤ 32 ኪሎ ውሻ ከ1 ሊትር ትንሽ የሚያልፍ ዕቃ ይሞላል።

የሁለት ልጆች እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። መዳፉን ገለበጥነው፣ አልመለሰውም። ድምሩ በእኔ 29፣ በባለቤቴ 31 መጣ። እናቴ ወረቀቱን አንብባ ዝም አለች፣ ከዚያ «ቅዳሜ ይሁን» አለች። የደወልንለት ሐኪም ግን ፔንቶባርቢታል የለኝም፣ በዛይላዚንና በፖታሺየም እጨርሳለሁ አለን። ይሆናል?

የውሻና የድመት ሐኪም፦

እንደዚያ ከሆነ እንቢ በሉት። ዛይላዚን ብቻውን ያፈዛል እንጂ ሙሉ ማደንዘዣ አይደለም፤ በዚያ ላይ ፖታሺየም ክሎራይድ ከተወጋ ውሻው እያወቀ ነው ልቡ የሚቆመው፣ ደም ሥሩም ይቃጠላል። ፔንቶባርቢታል ከሌለ ዛይላዚን ከኬታሚን ጋር ወይም ቲዮፔንታል ተሰጥቶት ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ መግባት አለበት። ማረጋገጫው ሁለት ነው፦ የዓይኑን ብሌን በጣት ጫፍ ሲነኩት አይርገበገብም፣ የእግሩን ጣት በመቆንጠጫ አጥብቀው ሲይዙት እግሩን አይሰበስብም። ሁለቱም ከታዩ በኋላ ብቻ ፖታሺየሙ ይሰጣል፤ ያኔ አያውቀውም። ይህን በስልክ ጠይቁት። ካመነታ ሌላ ክሊኒክ ደውሉ፤ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅም ሌላ አማራጭ ነው።

ቅዳሜን ጠዋት አድርጉት፤ ቀብሩ በብርሃን ይለቅ። መርፌው በሚተኛበት ቦታ ይሁን፣ ከሥሩ አስቀድማችሁ ጠንካራ ብርድ ልብስ አንጥፉ። ካለፈ በኋላ ማሰሪያውን አውልቁ፣ እግሮቹን ወደ ሆዱ አጥፉ፤ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ መድረቅ ስለሚጀምር ኋላ አይታጠፍም። ሌላ ውሻ ካላችሁ ቀርቦ እንዲያሸተው ተዉት። ከዚያ አራት ሰው የብርድ ልብሱን አራት ጫፍ ይዞ ያንሣው። የመርፌውንና የመድኃኒቱን ብልቃጥ ሐኪሙ ይዞት ይሂድ፣ ግቢ ውስጥ አይቅር።