ከንብና ከጉንዳን አሠራር ለንግድ የሚሆን ትምህርት አለን?

ጥያቄ፣ ከቡሬ
ዘይት፣ ሳሙናና ስኳር በጅምላ አከፋፍላለሁ፤ 2 አይሱዙና 11 ሠራተኞች አሉኝ። ችግሬ ያለ እኔ ስልክ ምንም ነገር አለመንቀሳቀሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ስልኬን ዘግቼ ስለነበር አንዱ መኪና ዕቃ እንደተጫነበት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሞ ዋለ፤ ሾፌሩ የፍኖተ ሰላም ደንበኞች ዘይት እንዳለቀባቸው እያወቀ «ሳልታዘዝ እንዴት እሄዳለሁ?» አለኝ። በጓሯችን ያሉት የአባቴ ንቦች ግን ማንም ሳያዛቸው ሥራቸውን ይሠራሉ። ከእነርሱ የምንወስደው ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፣ ከዳንግላ
ልጄ፣ አውራዋም ብትሆን እንቁላል ትጥላለች እንጂ አታዝም። ንቡ ከቀፎ ወጥቶ ቅርንጫፍ ላይ ሲንጠለጠል አይተህ ከሆነ፣ አዲሱን ማደሪያ የሚመርጡት ጥቂት መቶ አሳሾች ናቸው፤ እያንዳንዷ ያገኘችውን ቦታ በውዝዋዜ ታስታውቃለች፣ ቦታው ባማረ መጠን ውዝዋዜዋ ይረዝማል፣ ሌሎቹም በወሬ ሳይረቱ ራሳቸው ሄደው አይተው ይመለሳሉ። (የንብን ውዝዋዜ ትርጉም የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።) ሁሉም እስኪስማሙም አይጠብቁም፤ በአንዱ ቦታ በቂ አሳሾች ከተገናኙ መንጋው ለመነሣት ይሰናዳል። ያንተም ሾፌር አይቶ ነበር፤ ያየውን የሚያደርስበት ቦታ ግን ከአንተ ስልክ በቀር አልነበረውም።

መልስ፣ ከባሕር ዳር
የጉንዳንም ነገር ይታከልበት። ምግብ ያገኘች ጉንዳን ስትመለስ መንገዷ ላይ ሽታ ትተዋለች፤ በአጭሩ መንገድ ምልልሱ ስለሚፈጥን ሽታው እዚያ ይበረታል። ማርኮ ዶሪጎ እ.ኤ.አ. በ1992 በዶክትሬት ጥናቱ ይህን ወደ ኮምፒውተር ስሌት ቀይሮታል፤ ስሌቱም የጭነት መኪኖችን መስመር ለመምረጥ ጭምር ያገለግላል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ሽታው መትነኑን ነው፤ ባይተን ኖሮ ጉንዳኖቹ ምግቡ ወዳለቀበት ቦታ መመላለሳቸውን ባልተዉም ነበር። ስለዚህ መጋዘንዎ በር ላይ ሰሌዳ ይስቀሉ፤ ሾፌሮቹ በየሱቁ ያለቀውን ይጻፉበት፣ ማታ ማታም ይጥፋ።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ
እኔ በመጠኑ እጠራጠራለሁ። በላቲን አሜሪካ ደኖች የሚገኙ የገብረ ጉንዳን ዘመዶች ከዋናው ሰልፍ ሲነጠሉ አንዷ የሌላዋን ሽታ ተከትላ፣ አንዳንዴም በድካም እስኪያልቁ ድረስ፣ አንድ ቦታ ላይ በክብ ይዞራሉ። ደግሞስ ንብ ደመወዝ አይቆረጥባትም። ሾፌርዎ ቆሞ ቢውል የሚደርስበት ነገር የለም፤ ሄዶ ቢሳሳት ግን ከኪሱ የሚከፍል ከሆነ፣ ሰሌዳ ቢሰቀልም መቆሙን ይመርጣል።

ጠያቂው፣ ከቡሬ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰሌዳውን በዚህ ሳምንት አሰቅላለሁ፤ ሾፌሮቹ ሳያስፈቅዱኝ ማድረስ የሚችሉትን የዕቃ መጠንም አብረን ተቀምጠን እንወስናለን። የደብረ ማርቆሱ ወንድሜ ያሉት ግን ልቤን ነክቶታል፤ አምና ሳያስፈቅደኝ ለአንድ ባለሱቅ በዱቤ ያራገፈውን 10 ካርቶን ዘይት ከደመወዙ የቆረጥኩት ከዚሁ ሾፌር ነበር።