አንዲት እናት፣ ሦስት ዕድሜ፤ የአረጋውያንን መዝገብ እንዴት ላገናኝ?

የወረዳው_ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ በኩል ባለ አንድ ወረዳ የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ለሚቀጥለው ዓመት የአረጋውያን ድጋፍ ዕቅድ አዘጋጅ ተባልኩ። ስንት አረጋውያን አሉ? ከነሱ ውስጥ ከየትም ምንም የማያገኙት እነማን ናቸው? ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ቆጠራው የ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ አሁን ራሱ ልጅ እያሳደገ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያሉትን መዝገቦች ልሰብስብ አልኩ። የጤና መድኅን ዝርዝር አለ፣ የሴፍቲኔት አለ፣ የጡረተኞች አለ፣ የወሳኝ ኩነትም አለ። ኤክሴል ላይ ገልብጬ በስም ላገናኝ ብል ራሴን አዞረኝ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የሰፈራችን እናት ናቸው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። በመድኅኑ 70 ዓመታቸው ነው። በሴፍቲኔቱ 75። የፋይዳ ካርዳቸውን አሳዩኝ፣ 82 ይላል። እሳቸውን ስጠይቅ «ጣሊያን ሲወጣ ጡት እጠባ ነበር» አሉኝ። እንግዲህ አስሉት። ለማንኛውም ሴፍቲኔት ስላላቸው ድጋፍ ከማያገኙት አውጥቻቸዋለሁ። ግን እንዲህ ያለው ስንት ነው? ሌላ አገር እንዴት ነው የሚያደርጉት?

ዳታ_በጠጅ፦

ደብረ ብርሃን ተወልጄ አዲስ አበባ ዳታ ላይ ነው የምሠራው። ከስሙ እንጀምር፣ ዋናው ራስ ምታት እሱ ነው። ኃይለ ማርያምን አንዱ ጸሐፊ «ሀይለማርያም» ይለዋል፣ ሌላው «ኃ/ማርያም»፣ ሌላው «ሃይለ ማሪያም»። ለኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተር ሦስት። ከማገናኘትህ በፊት ሀ፣ ሐና ኀን ወደ አንድ ፊደል መልስ። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። ገ/፣ ወ/፣ ኃ/ ያለውን ዘርዝረህ ጻፈው፣ በመሐል ያለውን ክፍተት አጥፋ። የግዕዝ መምህራን ይቅር ይበሉኝ፣ ለዳታ ሥራ ነው።

ዕድሜ ላይ ደግሞ ሰው ሲጠየቅ ወደ ዜሮና ወደ አምስት ነው የሚያስጠጋው፤ 60፣ 65፣ 70። በቆጠራዎቻችንም ላይ የታወቀ ጣጣ ነው። ስለዚህ አምስት ዓመት ስለተለያየ ብቻ ሌላ ሰው ነው ብለህ አትጣለው። የባሰው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። «1960» ተብሎ ብቻ የተጻፈ የትውልድ ዓመት የማን 1960 ነው? የፈረንጅ ከሆነ ሰውየው በ2018 ዓ.ም. 66 ገደማ ናቸው፤ የኛ ከሆነ 58። ስልሳን ነው መነሻ የምታደርገው አይደል? እንግዲህ በአንድ «ዓ.ም.» ምክንያት ሰው ከዝርዝር ይወጣል ማለት ነው።

ሌላ አገር ላልከው፣ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ ቁጥር ሰጥታ ሁሉንም መዝገብ በዚያ ታገናኛለች። እኛም ወደዚያ የሚያደርሰን ባለ 12 አሃዙ ፋይዳ ነው፣ ግን የድሮ መዝገቦችህ ላይ የለም። ላንተ የሚጠቅምህ ምዕራብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የምትሠራበት መንገድ ነው። የሆስፒታሉንና የሞት መዝገቡን በስም፣ በትውልድ ቀን፣ በፆታና በአድራሻ እያነጻጸሩ አንድ ሰው ለመሆኑ ነጥብ ይሰጣሉ። ብርቅ ስም ከገጠመ ብዙ ነጥብ፣ «ታደሰ» ከገጠመ ትንሽ። ስሌቱን እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት ፌሌጊና ሰንተር የሚባሉ ሁለት የካናዳ ስታቲስቲክስ ሰዎች ናቸው፣ እስካሁን ይሠራል። ከሁሉ የምወድላቸው ግን ይሄንን ነው፦ መዝገቡን የሚያገናኘው ሰው ስም ያያል፣ በሽታ አያይም። የሚተነትነው በሽታውን ያያል፣ ስም አያይም።

እና እባክህን ያንን ኤክሴል በቴሌግራም ግሩፕ አትልቀቀው። አትስቁ፣ አይቻለሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ ጤና ነክ መረጃ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው።

የጣርማበሯ፦

እኔ ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ። የኤክሴሉን ነገር አላውቅም፣ የማውቀው ቤት ለቤት ነው። ወንድሜ፣ መድኅኑ እኮ በአባወራ ነው የሚመዘገበው! አሮጊቷ እናት ከልጃቸው ጋር ከተጠለሉ በልጁ ደብተር ውስጥ ነው የሚገቡት፣ ካልገቡም የሉም። ጡረታው ግን በሰው ነው። በቤት የተቆጠረውን በሰው ከተቆጠረው ጋር ዝም ብለህ ብትደባልቀው ባል የሞተባቸው ሴቶች ናቸው መሐል ላይ የሚጠፉት።

ስም ደግሞ ከፊደሉም በላይ ነው። እኛ ጋ ብዙ እናቶች አማታቸው ሙሽራ ሳሉ ባወጡላቸው ስም ነው የሚጠሩት። ቀበሌ ሲሄዱ ሌላ ስም፣ ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ስም። የትኛው ተጻፈ? እንደ ጸሐፊው ነው።

የሞተ ሰው ዝርዝር ላይ እንዳይቀርብህ ከፈለግህ ወሳኝ ኩነትን ብቻ አትመን። ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ነው፣ ሽማግሌ ሲሞት የሞት ምስክር ወረቀት ልቁረጥ ብሎ የሚሮጥ ቤተሰብ ደግሞ እምብዛም የለም፣ ውርስ ካልመጣ በቀር። የዕድር ዳኛውን ሄደህ ጠይቅ። የዕድር ደብተር ላይ ሞቶ ሳይጻፍ የሚቀር የለም፣ ገንዘብ አለበታ!

ጡረተኛው፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። 34 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እኔ የምፈራውን ልናገር። «ዝርዝር እናጥራ» ሲባል ሁሌ የሚጠራው ሰው ነው። አንድ ጓደኛዬ በስም፣ በአባት ስም እንኳ ከሟች ጋር ገጥሞ ጡረታው ቆመበት። ሁለት ወር በእግሩ እየተመላለሰ «አለሁ» ሲል ከረመ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ እያየችው «ሲስተሙ ሞተዋል ይላል» አለችው። እስከ ዛሬ በዚህ እንስቃለን፣ ያኔ ግን ሳቅ አልነበረም። ይሄ ማገናኘት የምትሉት የተረሳውን ለመፈለግ ነው ወይስ ለመቁረጥ?

ዳታ_በጠጅ፦

ጋሼ፣ ትክክል ነዎት፣ እኔ መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝን ነው የተናገሩት። ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንድን ሰው ሁለት አድርጎ መቁጠር፣ ሁለት ሰውን ደግሞ አንድ ማድረግ። የመጀመሪያው ቁጥር ያበላሻል። ሁለተኛው በእርስዎ ጓደኛ ላይ የደረሰው ነው። ለዕቅድ የተገናኘ ዳታ ለዕቅድ ብቻ ይሁን፣ የማንንም ድጋፍ ለማቋረጥ አይዋል። አጠራጣሪውን ደግሞ ማሽኑ አይወስንም፣ ሰው ሄዶ ያያል። የወረዳው ልጅ፣ የአያት ስም ሳይኖር በፍጹም እንዳታገናኝ።

የወረዳው_ልጅ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ወረዳውን ሙሉ ትቼ አንድ ጎጥ ብቻ ያዝኩ። የፊደሉን ነገር እንደተባልኩት አስተካከልኩ፣ እውነትም ብዙው ገጠመ። ከጤና ኤክስቴንሽኗና ከዕድር ዳኛው ጋር አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ዳኛው ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ገጹን ይገልጣሉ፣ እኔ ስም እጠራለሁ፣ እሳቸው «አለ»፣ «አረፈች»፣ «ልጇ ዘንድ አዲስ አበባ ሄደች» ይላሉ። የወር የቢሮ ሥራዬን በሦስት ሰዓት ጨረሱልኝ።

መጀመሪያ የጻፍኩላችሁ እናት ስም ላይ ስንደርስ ግን ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ። «የትኛዋን ነው?» አሉ። ሴፍቲኔቱ ላይ የአያት ስም አልተጻፈም ነበር። 75 የተባሉት ከወንዙ ማዶ ያሉ ሌላ ሴት ናቸው፣ ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ። የኛ ሰፈሯ እናት ሴፍቲኔት ገብተው አያውቁም። እኔ ነኝ በኤክሴል ያስገባኋቸው።

ማምሻውን ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አፍልተው «ዛሬ ምን አመጣህ?» አሉኝ። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጠፍቶኝ ሁለተኛውንም ጠጣሁ።