እቁብ ደርሶኝ 1,000 ዶላር ይዣለሁ፤ ለፎቶ ሥራ ምን ኮምፒውተር ልግዛ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦

ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። የቀን ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ፎቶ አነሳለሁ፤ ክርስትና፣ ልደት፣ ምርቃት፣ አንዳንዴ መልስ። ሰው ለሰው እየነገረ ዘንድሮ ሥራው በዝቶልኛል። ካሜራዬ ባለ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ምንም አይልም። መከራ የሚያሳየኝ ላፕቶፑ ነው። ኮሌጅ ስገባ የገዛሁት ነው፣ ራሙ፣ ጊዜያዊ ሜሞሪው ማለቴ ነው፣ 8 ጊጋባይት። ፎቶ የማርምበትን ፕሮግራም፣ ላይትሩምን፣ ከፍቼ ቡና ብጥድ አቦሉን ጠጥቼም አይነሳም። ጨለማ ቤት ውስጥ ያነሳሁትን አንድ ፎቶ ኖይዙን (ነጠብጣቡን) ላጥራ ብዬ ስጫን ደግሞ ማራገቢያው ሊነሳ እንዳለ አውሮፕላን ይጮሃል።

እቁብ ደርሶኝ 1,000 ዶላር ለዚህ መድቤያለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም፤ ቀሪው የቤት ኪራይና ለእናቴ የምልከው ነው። የአክስቴ ልጅ ጌሚንግ ላፕቶፕ ግዢ ይለኛል፣ ያን ኪቦርዱ በቀይና በአረንጓዴ የሚያበራውን። ጓደኛዬ ደግሞ የአፕሉ ማክ ካልሆነ አትግዢ ትላለች። ቤቴ ጠባብ ስቱዲዮ ነው፣ ጠረጴዛ ግን አለኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

ከዳላስ፣ ቴክሳስ፦

እህቴ፣ እንኳን ደረሰሽ። እኔ የአይቲ ሰው ነኝ። አዲስ መግዛት ብር መበተን ነው። ቢሮዎች ሊዝ ሲጨርሱ የሚያወጧቸው ዴስክቶፖች አሉ። አንዱን በ300 ዶላር ገደማ ግዢ፣ ራም ጨምሪበት፣ ግራፊክስ ካርድ ሰኪበት፣ አለቀ። በተረፈሽ ብር ሌንስ ትገዣለሽ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

ልጄ፣ እኔ እዚህ አካባቢ ሰርግ ሳነሳ ብዙ ዓመቴ ነው። ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ምንም አትግዢ። ዛሬ ማታ ላይትሩም ላይ እየሠራሽ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። በሚመጣው ሰሌዳ ላይ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቺ። ሜሞሪው 95 በመቶ ላይ ተለጥፎ ካየሽው የሚያንቅሽ ራሙ ነው። ዲስኩ 100 ላይ ከቆመ ደግሞ ዲስኩ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን አንጎል) ሲያማርጥ ይከርማል። ሌላም አለ። ፎቶዎችሽን ስታስገቢ ስማርት ፕሪቪው (የፎቶው ትንሽ ቅጂ) እንዲሠራ ላይትሩምን እዘዢው፣ ከዚያ ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብተሽ በኦርጂናሉ ፋንታ በእሱ እንዲያርም አድርጊ። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ አሮጌውም ላፕቶፕ ቢሆን ነፍስ ይዘራል። አዲሱ እስኪመጣ የያዝሽውን ሥራ ያስጨርስሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ ስለ ፕሮሰሰር ያወራል። እኔ ስለ ስክሪን ላውራሽ፣ ምክንያቱም ያቃጠለኝ እሱ ነው።

በ2019 እንደ አንቺ ብር አጥሮኝ አንድ 450 ዶላር ላፕቶፕ ገዛሁ። ፍጥነቱ ለክፉ አይሰጥም ነበር። ስክሪኑ ግን ቲኤን የሚባለው ዓይነት ነው። ትንሽ ዝቅ ብለሽ ካየሽው ጥቁር፣ ቀና ብለሽ ካየሽው ነጭ ይሆናል። ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። እኔ ይህን አላወቅሁም። ፎቶው የቀዘቀዘ ስለሚመስለኝ ሁሉንም ሞቅ ሞቅ አደረግሁት። አልበሙ ታትሞ መጣ። ይዤው ሄድኩ። የሙሽሪት እናት መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ገጽ ገለጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ነጠላው አልታጠበም እንዴ?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነታቸውን ነበር። በረዶ የመሰለው ነጠላ የከረመ ጋቢ መስሏል። ካባው ላይ ያለው ወርቅማ ጥልፍ ብርቱካን ሆኗል። አልበሙን ከኪሴ 380 ዶላር አውጥቼ እንደገና አሳተምኩት። በ450ው ላይ ደምሪው እንግዲህ።

የኛ ሰው ፎቶ ደግሞ ለስክሪን ፈተና ነው። ጠይም ፊት፣ ነጭ ልብስ፣ ከጎን ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሚዜ፣ ሁሉም በአንድ ፍሬም። ደካማ ስክሪን ላይ የነጠላው ፈትል ይጠፋና ወረቀት ይመስላል። ሱፉም ከግድግዳው ጥላ ጋር ይዋሃዳል። አንቺ ተበላሽቷል ብለሽ ታስተካክያለሽ፣ ፋይሉ ውስጥ ግን ሁሉም በቦታው አለ።

ስለዚህ ሞኒተር ስትገዢ ሁለት ነገር ፈልጊ። አይፒኤስ (ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ የስክሪን ዓይነት) መሆኑን፣ ኤስአርጂቢን (የተለመደውን የቀለም ስፋት መለኪያ) ደግሞ 100 በመቶ ወይም ለዚያ የቀረበ የሚሸፍን መሆኑን። ጌሚንግ ላፕቶፑን እኔ የማልመክርሽ ለዚህ ነው። ርካሾቹ ላይ ብሩ የሚሄደው ለግራፊክስ ካርዱ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ይቆጥባሉ። ዝርዝሩን ስታነቢ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» የሚል ካየሽ እለፊው። ኤንቲኤስሲ ሌላ የቀለም ስፋት መለኪያ ነው፤ ያ ማለት ከኤስአርጂቢ ሲሶ ያህሉ ይጎድለዋል ማለት ነው። የኪቦርዱ መብራትማ ያምራል፣ አልዋሽሽም።

ለዳላሱ ወንድሜ፣ ሐሳብህ መጥፎ አይደለም፣ እኔም አንድ እንደዚያ ያለ ነበረኝ። ግን ወጥመዱን ንገራት። ዊንዶውስ 10 ከኦክቶበር 14፣ 2025 ጀምሮ ድጋፉ ቆሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር በታች ያለውን አይቀበልም። ገበያው ላይ በርካሽ የተከመረው አብዛኛው ለዚህ ነው የረከሰው። «ኮር አይ 7 ነው» ሲሏት ደንግጣ ትገዛለች። አይ 7 ግን በ2012ም ነበረ፣ ዛሬም አለ። ስሙ ብቻውን ምንም አይነግርም። ትንንሾቹ ሳጥኖች ደግሞ ፓወር ሰፕላያቸው ደካማ ነው፣ ትልቅ ካርድ አይገባባቸውም፣ ቢገባም አያንቀሳቅሱትም። ራሙም ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ዋጋው ጣራ ነክቷል። ያ የ300 ዶላር ዴስክቶፕ ሳናውቀው 700 ይገባል።

እኔ ላንቺ የማየው ማክ ሚኒ ነው፣ ያለ ስክሪን የሚሸጠው ትንሹ የአፕል ዴስክቶፕ፣ በ2024 መጨረሻ በ599 ዶላር የወጣው ባለ ኤም 4 ፕሮሰሰር። የማክ አፍቃሪ ሆኜ አይደለም፣ ሃያ ዓመት በዊንዶውስ ነው የሠራሁት። 16 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። ለ24 ሜጋፒክስል ፎቶ ይበቃል። ኖይዝ ማጥሪያው በግራፊክስ በኩል ስለሚሠራ አንቺ ደቂቃዎች የምትጠብቂው እሱ ላይ የግማሽ ደቂቃ ነገር ነው። መጠኑም የድፎ ቁራሽ ያህል ስለሆነ ስቱዲዮሽን አያጣብብም።

ጉድለቱን ልንገርሽ። ሜሞሪው በኋላ አይጨመርም፤ የገዛሽው ገዛሽው ነው። የውስጥ ዲስኩ 256 ጊጋባይት ብቻ ነው። ወደ 512 ለማሳደግ 200 ዶላር ይጠይቁሻል፣ አትክፈዪ። አንድ መልስ ላይ 1,500 ፎቶ ብታነሺ በሮው፣ ማለትም በካሜራው ጥሬ ፋይል፣ ወደ 40 ጊጋባይት ነው፣ 512ም በጥቂት ወር ይሞላል። ይልቅ ባለ 1 ቴራባይት የውጭ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ግዢ። የላይትሩም ካታሎግ (የፎቶዎቹና የእርማቱ መዝገብ) በማክ ሚኒው የውስጥ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ ፎቶዎቹ በውጭው ላይ። የሚሽከረከረውን አሮጌ ሃርድ ዲስክሽን አትጣይው፣ ለመጠባበቂያ ቅጂ ይሆናል። የሰው ሰርግ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ይዞ ማደር በእሳት መጫወት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ማክ ሚኒው ከ6 በመቶ ታክስ ጋር 635። ባለ 24 ወይም 27 ኢንች አይፒኤስ ሞኒተር 170 አካባቢ። ኤስኤስዲው ወደ 100። ኪቦርድና ማውስ 30። በእነዚህም ላይ ታክስ አለ። 950 ትንሽ አለፍ ይላል። ሞኒተሩን ሮክቪል ማይክሮ ሴንተር ሄደሽ በዓይንሽ አይተሽ ግዢ፣ ክፍት ሳጥን የሚሉትን ጠይቂ፣ ሰው ከፍቶ የመለሰው ነው፣ ይረክሳል። ታክስ ለማምለጥ ደላዌር ሂጂ የሚልሽ አይጠፋም። ለ36 ዶላር ብለሽ ያን ሁሉ መንገድ ብትነጂ ቤንዚኑና ምሳው ይበላዋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ነጠላው ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዳሉኝ ማታ አየሁት፣ ሜሞሪው 97 በመቶ! ስማርት ፕሪቪውንም ሞከርኩት፣ በእውነት ለውጥ አለው። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ሞኒተሩ ከነ ቀለሙ ትክክል ሆኖ ነው የሚመጣው? ወይስ የሚስተካከል ነገር አለው?

ከአሌክሳንድሪያ፦

መሳቅሽስ ደግ፣ እኔም አሁን እስቃለሁ።

ትክክል ሆኖ አይመጣም። መለኪያ አለ፣ ስክሪኑ ላይ የሚለጠፍ፣ ቀለም እያነበበ የሚያስተካክል። ለአንድ ሰው ውድ ነው። እኛ አራት ፎቶ አንሺዎች አዋጥተን አንድ ገዝተን እንደ ጎረቤት ሙቀጫ እንዋዋሰዋለን። ከገዛሽ በኋላ ጻፊልኝ፣ በእሁድ ቀን አመጣልሻለሁ።

እስከዚያ ግን በነጻ የምታደርጊው አለ። ሞኒተር ከፋብሪካ ሲመጣ ብርሃኑ ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ ተብሎ የተለቀቀ ነው። ቀንሺው። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ያዢ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ነጭ ከወረቀቱ ይልቅ እንደ አምፖል የሚያበራ ከሆነ ገና ነው። «ፎቶዬ ታትሞ ሲመጣ ጨለመብኝ» የሚል ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ናይት ሺፍትም አጥፊው። እሱ በርቶ ካረምሽ የኔው ታሪክ ተገልብጦ ይደርስብሻል፤ ሙሽራዋ ሰማያዊ ትሆናለች።

ከሙኒክ፦

ሰላም። ስለ ኮምፒውተሩ በደንብ ተነግሯል። የረሳችሁት ግን የሶፍትዌሩ ኪራይ ነው። ላይትሩምን የሚሠራው የአዶቢ ርካሹ ባለ 20 ጊጋባይት የፎቶ ጥቅል ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ለአዲስ ገቢ ተዘግቷል። ባለ 1 ቴራባይቱ አሜሪካ ውስጥ በወር 19.99 ነው፣ በዓመት 240 ዶላር። እህታችን የቆየውን ከያዘች አትልቀቀው። እኔ በላይትሩም ፋንታ ዳርክቴብል የሚባለውን ፕሮግራም ነው የምጠቀመው። ነጻ ነው፣ በማክም በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። መጀመሪያ ያደናብራል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ስሳደብ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ።

ከዳላስ፦

ጋሼ፣ የዊንዶውስ 11ዱን ነገር መናገር ነበረብኝ፣ ልክ ነዎት። ግን ማክ ሚኒው ሜሞሪው የማይጨመር መሆኑ አሁንም አይዋጥልኝም። ነገ ቪዲዮ ልሥራ ብትልስ?

ከአሌክሳንድሪያ፦

ቪዲዮ ስትጀምር ዋጋዋንም ትጨምር! ዛሬ የያዘችው ክርስትናና ልደት ነው።

ከሲያትል፣ ዋሽንግተን፦

በዚሁ አጋጣሚ፣ አዲስ አበባ ወንድሜ ትንሽ ፎቶ ቤት አለው። ይህንኑ ብልክለት ይሆነዋል?

ከአሌክሳንድሪያ፦

ማክ ሚኒው 220 ቮልት ይቀበላል፣ የውስጡ ፓወር ከ100 እስከ 240 ነው። የምትቀይረው ሶኬቱን ነው። ሞኒተሩ ላይ ግን ከኋላ ያለውን ጽሑፍ ሳታነብ አትላክ። ከሁሉ በላይ መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ አብሮ ይጠፋል። የወንድምህ ሰፈር መብራት የሚሄድ ከሆነ ወይ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ይግዛ፣ ወይ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ላክለት። ለእሱ ማክቡክ ኤር ቢሆን እኔ እመርጣለሁ። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ትንሹም ባለ 16 ጊጋባይት ሆኗል፣ ስክሪኑም ጥሩ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፦

ሰላም ድጋሚ። ገዛሁ። ማክ ሚኒውን በ599፣ ሞኒተሩን ክፍት ሳጥን በ140። ከጥግ ትንሽ ጭረት አለው፣ ስክሪኑ ላይ ሳይሆን እግሩ ላይ። ኪቦርዱን ጎረቤቴ ሰጠችኝ። ጋሼ ባለፈው እሁድ መለኪያውን ይዘው መጥተው፣ ሽሮ በልተን፣ ስክሪኑን አስተካከልን።

ከዚያ ለመሞከር ያህል ባለፈው ወር ያስረከብኩትን የመልስ ፎቶ ከፈትኩ። የሙሽራዋ እህት ቀሚስ ጥለቱ ጥቁር ነው ብዬ ነበር። ጥቁር አይደለም። ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ነው፣ በመሐሉ ቀጭን የወርቅ ክር ያለው። እኔ በ60 ፎቶ ላይ ጥላውን አጨልሜ ቀብሬዋለሁ።

ትናንት ማታ 60ውንም እንደገና ሠራኋቸው። ከሁለት ሰዓት በታች ፈጀ። አሁን ልላክላቸው ወይስ ዝም ልበል እያልኩ ነው። ደንበኛዋ እስካሁን አልደወለችም፣ እኔም አልደወልኩም።

ከአሌክሳንድሪያ፦

ላኪላት። እናትየው መነጽራቸውን ሳያደርጉ ቅደሚ።