ክርክር፦ የድሬ ፋብሪካዎች የኃይል ፍጆታቸውን በሕግ ተገደው ያሳውቁ?

ጠያቂው፦ የሀገሪቱ የሙቀት አማቂ ጋዝ ሒሳብ በዘርፍ ተከፍሎ ሲሠራ (ኃይል፣ ኢንዱስትሪ፣ እርሻና መሬት፣ ቆሻሻ) በሀገር አቀፍ የነዳጅ ድምርና በአማካይ ማባዣ (አንድ ቶን ነዳጅ ሲነድ ስንት ጋዝ እንደሚወጣ በሚገምት ቁጥር) ብቻ መሄድ ይበቃል? እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። እያንዳንዱ ትልቅ ፋብሪካ ስንት ቶን የድንጋይ ከሰል፣ ስንት ሊትር ናፍጣ፣ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደጨረሰ በየዓመቱ ያሳውቅ። ድሬ ሲሚንቶ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ ከኛ ይጀመር።

የሳቢያን ልጅ፦ አቦ ተወን! በ2004 ዓ.ም. የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ራሱ ምን አለ? እ.ኤ.አ. በ2010 ከተለቀቀው 150 ሚሊዮን ቶን ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የእርሻና የደን ነው፤ ኢንዱስትሪ 3 በመቶ። ጋዝ የሚለቀውን ከብት ትታችሁ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ታሳድዳላችሁ። ደግሞ ዛሬ ነዳጁን የተናገረ ባለፋብሪካ ነገ ግብር ሰብሳቢ በሩ ላይ ላለመቆሙ ዋሱ ማነው?

ከዚራ፦ ገጹን ገልብጠህ ብታነበው ጥሩ ነበር። እዚያው ሰነድ ላይ፣ ምንም ካልተደረገ እ.ኤ.አ. በ2030 የኢንዱስትሪው ከ4 ወደ 71 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ይላል።

ሲሚንቶ ቤት የሠራ፦ ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው። የነዳጅ ደረሰኝ ብቻ ብትሰበስቡ ከግማሽ በላዩ ያመልጣችኋል። የኖራ ድንጋይ እቶን ገብቶ ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ) ሲሆን ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከሲሚንቶ ልቀት 60 በመቶ ገደማው ከዚያ ነው። በዓለም አቀፉ አሠራር ይህ «የኢንዱስትሪ ሂደት» ላይ ይጻፋል፣ ነዳጁ «ኃይል» ላይ። ስለዚህ የሚጠየቀው የክሊንከር ቶን ነው። የሲሚንቶ ቶን ብትጠይቁም አያዋጣም፤ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ክሊንከሩ ያንሳል። ቁጥሩ እንደሆነ ፋብሪካው ውስጥ ለምርት ቁጥጥር ሲባል ይመዘገባል፤ አዲስ ሥራ አይደለም።

የመጋላ፦ የኛስ የእንጨት ከሰል? ከቆላው በጆንያ እየገባ ሌሊት ተቀን የሚነደው? የጋዝ አቆጣጠሩን ሕግ አይቼው ገርሞኛል፦ ከሰል ሲነድ «ኃይል» ላይ የሚቆጠረው ሚቴኑና ናይትረስ ኦክሳይዱ ብቻ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዛፉ ከተቆረጠበት መሬት ላይ ይጻፋል። ወጥ የምንሠራው እዚህ፣ ዕዳው ቆላ።

የሳቢያን ልጅ፦ እሱንም ፋብሪካው ይክፈል በሉና እንረፍ 😂

ለገሃር፦ ባቡሩን አትርሱ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የጂቡቲው መስመር በመብራት ነው፣ መብራታችን ደግሞ አብዛኛው የውሃ። ከከባድ መኪና ወደ ባቡር ስንት ቶን ጭነት እንደዞረ ካልተመዘገበ ትርፉን ማን ያሳየናል?

ጠያቂው፦ ክሊንከሩም ጭነቱም ይግባ። የግብሩን ስጋት ግን አልንቀውም። መረጃው ለስታቲስቲክስ ብቻ እንዲውል በሕግ ቢታሰርስ?

የሳቢያን ልጅ፦ እንደዚያ ከሆነ እስማማለሁ። በየፋብሪካው ስም ሊለጠፍ ከሆነ የለሁበትም።

ሲሚንቶ ቤት የሠራ፦ ስም ባይለጠፍስ? ጥቂት ፋብሪካ ባለበት ከተማ የድሬን ድምር ብቻ ብታወጡ እንኳ አንዱ የራሱን ቀንሶ የሌላውን ያውቀዋል። የሚወጣው በሀገር ደረጃ ተደምሮ ነው።

ከዚራ፦ ታዲያ ጭሱን የምንስበው እኛ ምን አወቅን?