ጊታር ስጫወት ከምቱ ቀድሜ እሮጣለሁ፤ በሜትሮኖም እንዴት ልለማመድ?

ጠያቂ፦ የኮዬው ጊታር
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። አኩስቲክ ጊታር እየተማርኩ ነው፤ ኮርዶቹን (አንድ ላይ የሚመቱትን የድምፅ ስብስቦች) ይዣቸዋለሁ። ያስቸገረኝ ጊዜ ጠብቆ መጫወት ነው። ቤት ውስጥ በስልኬ ሜትሮኖም (በእኩል ርቀት «ክሊክ» እያለ ምት በሚቆጥር አፕ) ስለማመድ ደህና ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ስንጫወት ግን ድራም የሚመታው ልጅ «ኧረ አትሩጥ!» ይለኛል። በተለይ ኮርድ ልቀይር ስል እፈጥናለሁ። ችክችካ ሲሆን ደግሞ ከሜትሮኖሙ ጋር ጭራሽ አንግባባም። 80 ላይ (በደቂቃ 80 ክሊክ) አድርጌ እጀምራለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ክሊኩና እጄ ይለያያሉ። ጎረቤት እንዳልረብሽ ክሊኩን የምሰማው በብሉቱዝ ማዳመጫ ነው። ምን ላድርግ?

ባለ ቤዙ
ወንድሜ፣ ከችክችካው ልጀምር። በ4/4፣ ማለትም አራት አራት እየቆጠርክ ስትጫወት፣ አንዱን ክሊክ ለሁለት ከፍለህ ነው፤ እጅህ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ። ችክችካ ግን 6/8 ነው። ስድስቱ ምት ሦስት ሦስት ሆኖ ለሁለት ይከፈላል፤ እግርህ መሬት የሚመታው አንድ ላይና አራት ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ክሊክ ውስጥ ሦስት እኩል ምት መግባት አለበት። በለመደው እጅህ ለሁለት ስትከፍለው ነው የሚለያየው። መጀመሪያ ጊታሩን አስቀምጠው። ክሊኩ ላይ እያጨበጨብክ በአፍህ «አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት» በል። «አንድ» እና «አራት» ከጭብጨባህ ጋር ይግጠሙ። ይሄ ሲረጋጋ ጊታሩን አንሳ።

አፑን 6/8 ላይ የምታደርገው ከሆነ ቁጥሩን ልብ በል። ስድስቱንም ምት የሚቆጥር ከሆነ፣ በእግር ምት 70 የነበረው ዘፈን 210 ይሆናል። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው።

የሰበታዋ
ኮርድ ስትቀይር የምትፈጥነው ግራ እጅህ እንዳይዘገይ ስለምትሰጋ ይመስለኛል። ቀኝ እጅህም አብሮት ይደነግጣል። መፍትሔው ቀኝ እጅን ለብቻው ማስለመድ ነው። ግራ እጅህን ሳትጫን ክሮቹ ላይ አሳርፈው፤ «ጨክ ጨክ» የሚል የታፈነ ድምፅ ብቻ ይውጣ። ሜትሮኖሙን 60 አድርገው፤ በሰከንድ አንድ ምት ማለት ነው። መጀመሪያ ወደ ታች ብቻ ምታ፣ ቀጥሎ በመሃል ወደ ላይ ጨምር። ልክ ክሊኩ ላይ ስታርፍ የጊታሩ ድምፅ ክሊኩን ይሸፍነዋል፤ የጠፋ ይመስልሃል። ያኔ ገብተሃል ማለት ነው።

ከዚያ የሚያስሮጡህን ሁለት ኮርዶች ብቻ ይዘህ እየቀያየርክ ተጫወት። ግራ እጅህ ካልደረሰ ይቅር፤ ባዶ ክር ይሰማ፣ ቀኝህ ግን እንዳይቆም። ደጋግመህ ሳትሳሳት ስትወጣው 5 ጨምር። ቀጥታ ወደ 100 እንዳትዘል፣ እባክህ።

ለገጣፎ ሳውንድ
ብሉቱዙን ተወው። ድምፅ ያዘገያል። በሽቦ ማዳመጫ ተጠቀም።

ባለ ቤዙ
እውነት ነው ያዘገያል፣ ግን ለዚህ ልምምድ ብዙ አይጎዳውም። ሁሉም ክሊክ የሚዘገየው በእኩል መጠን ስለሆነ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይቀየርም። ጊታሩን የሚሰማው ደግሞ በቀጥታ ነው። የሚያስቸግረው የአፑን ብልጭታ እያየ ከሆነ ወይም ክሊኩን እየሰማ ስልኩ ላይ የሚቀዳ ከሆነ ነው። ያኔ ሽቦው ይሻላል።

የድሮ ጊታሪስት
ልጄ፣ እነዚህ ልጆች ጥሩ መክረውሃል። ቤት ደህና ሆነህ ከሰው ጋር የምትሮጠው ግን ክሊኩ ስለሚቆጥርልህ ነው። አንተ ራስህ መቁጠር አለብህ። እንዲህ አድርግ። በ80 በደንብ የምትጫወተውን 4/4 ዘፈን ያዝ። ሜትሮኖሙን ወደ 40 አውርደው፤ አንተ ግን ፍጥነትህን አትቀንስ። አሁን ክሊኩ የሚመጣው አንድ ላይና ሦስት ላይ ብቻ ነው። ሁለትንና አራትን በራስህ ትሞላለህ። ከሮጥክ ክሊኩ ዘግይቶ የመጣ ይመስልሃል፤ እሱን አትውቀስ። ይህን ስትለምድ ክሊኩን ሁለት ላይና አራት ላይ አስበው። ከባድ ነው፣ ግን ከድራም ጋር የሚያስማማህ ይሄ ነው፤ በብዙ 4/4 ዘፈኖች ስኔሩ (ጠንከር ያለ ድምፅ ያለው የድራሙ ትንሽ ከበሮ) የሚመታው እዚያ ነዋ። በመጨረሻም ያለ ሜትሮኖም ተጫውተህ ራስህን ቅዳ፣ ከዚያ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ስንኝ ከክሊክ ጋር አስተያይ። የት ላይ እንደምትፈጥን ቁልጭ ብሎ ይሰማሃል።

የኮዬው ጊታር
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! ጭብጨባውን አሁኑኑ ሞከርኩት፤ ሦስት ሦስት ሲሆን ገባኝ። አንድ ጥያቄ ቀረችኝ። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ የስልኬ ባትሪ ያልቃል። ያን የሚወዛወዘውን የድሮ ሜትሮኖም ልግዛ?

የድሮ ጊታሪስት
የሚሠራው እንደ ድሮ የግድግዳ ሰዓት ተጠምዝዞ ነው፤ መብራት አይፈልግም። ብዙዎቹ ከ40 እስከ 208 ይሄዳሉ። ግን የተስተካከለ ቦታ ላይ ካልተቀመጠ ምቱ ያነክሳል። ማዳመጫም አይሰካለትም፤ ለኮንዶሚኒየም ድምፁ ይበዛል። ለአንተ ስልኩ ይበቃሃል። ብዙዎቹ አፖች ኢንተርኔት አይፈልጉም። የበረራ ሞድ ላይ አድርገው፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንስ፤ ባትሪው ይቆይልሃል።