ለ3 ዓመት ልጅ ልደት ብር መስጠት፦ ስንት፣ በምን፣ በማን እጅ?

አራት ኪሎ 27፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ ሴት ልጅ 3 ዓመት ይሞላታል፤ ድግሱ እዚሁ 4 ኪሎ ቤታቸው ነው። የልብስ ቁጥሯን አላውቅም፣ መጫወቻም ቤቱ ሞልቷል አሉ፤ ስለዚህ ብር ልስጥ ብያለሁ። ስንት ቢሆን አያሳፍርም? በፖስታ ይሻላል በቴሌብር? የሚሰጠውስ ለልጅቷ ነው ለእናቷ? የ6 ዓመት ታላቅ ወንድምም አላት።

የፒያሳዋ፦
እህቴ፣ ብር መስጠት በራሱ ነውር የለውም። አራስ ስንጠይቅ ከሕፃኑ ትራስ ሥር እናኖር የለ? ነውር የሚያደርገው አሰጣጡ ነው። ብሩ የወላጅ ነው፣ በእጅ የሚያዘው ነገር የልጅቷ ነው፤ ሁለቱን አትቀላቅይ። በዚህ ዕድሜ ብር ከከረሜላ ወረቀት አይለይም፤ አፏ ውስጥ ትከተዋለች ወይ ፊኛው መሀል ትጥለዋለች፣ ከዚያ እንግዳው ሁሉ አጎንብሶ ፍለጋ ነው። ለእሷ ወፍራም ገጽ ያለው የሥዕል መጽሐፍ ወይም ጠቆር ደመቅ ያሉ ወፋፍራም ከለሮች ያዢላት።

ስለ ፖስታው፦ ስሱን ነጭ ፖስታ አትግዢ፣ የ200 ብሩ ሐምራዊ ቀለም ከውጭ ይታያል። ሌላ ካጣሽ ብሩን በወፈር ያለ ወረቀት ጠቅልለሽ ክተቺው። ስቴፕል አትምቺበት፤ ሲነቀል ብሩን ይቀደዋል፣ ሽቦውም ወለል ላይ ወድቆ የልጅ እግር ይወጋል። ክዳኑን ወደ ውስጥ ማጠፍ ይበቃል። ስምሽን ደግሞ ፖስታው ላይ ብቻ ሳይሆን ውስጥ በምትከቺው ካርድ ላይም ጻፊ። ማታ ፖስታዎቹ ተከፍተው ሲጣሉ ብሩ አንድ ላይ ይከመራል፤ የማን ምን እንደሆነ ካልታወቀ እናትየው ማመስገንም ሆነ ነገ ብድር መመለስ ያቅታታል። ሰው ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ይሄንን ነው።

ዳቦው ሲቆረስ ወይም ፎቶ ሲነሱ አትስጪ። ስትገቢ ሰላም ካልሽ በኋላ መጽሐፉን ለልጅቷ፣ ፖስታውን ለእናቷ፣ በቀኝ እጅሽ፣ ግራሽ ቀኙን ደገፍ አድርጎ፦ «ለልጄ ነው፣ እግዜር ያሳድግልሽ»። ይኸው ነው። ብሩን ልጅቷ እጅ ላይ አድርጎ «ለማሚ ስጪ» ማለት ቆንጆ ይመስላል፣ ግን ልጅ አንዴ የያዘውን አይለቅም፤ ልቅሶው የልደቱን ቀን ያበላሸዋል።

ወንድምየው «የእኔስ?» ማለቱ አይቀርም። ቀኑ የእሷ ስለሆነ ብር አይሰጠው፤ አንድ ብስኩት ወይም ደብተር ይበቃዋል። መንታ ቢሆኑ ግን ፖስታው ሁለት፣ መጠኑም እኩል ነው።

ሒሳብ ያዥ፦
መጠኑን በተመለከተ እኔ የምለው፣ መጫወቻ ብትገዢ ኖሮ የምታወጪውን ያህል አድርጊው። ለባልደረባ ልጅ ዛሬ ባለው ኑሮ ከ500 እስከ 1,000 ብር ደህና ነው። አክስት ወይም የክርስትና እናት ብትሆኚ ከዚያ ከፍ ይላል። ተበድሮ መስጠት ግን አያስፈልግም፤ ከአቅም በላይ የሆነ ፖስታ ተቀባዩንም ያስጨንቃል፣ እሷም ነገ ያንኑ መመለስ አለባትና። ቢሮው አዋጥቶ ከሆነ ፖስታው አንድ ይሁን፤ ካርዱ ላይ የሁሉም ስም ይጻፍ፣ ማን ስንት እንዳዋጣ ግን አይጻፍ።

ለ1,000 ብር አምስት ባለ 200 ይበቃል። አርብ ባንክ ጎራ ብለሽ ገንዘብ ከፋይዋን ያልታጠፈ ስጪኝ በያት፤ ካላቸው አይከለክሉሽም። የተቀዳደደና በፕላስተር የተያያዘ ብር ለልደት አይሆንም።

ቴሌብር ካልሽ ጠዋት ላኪው። ድግሱ ላይ ስልክ አውጥቶ «ቁጥርሽን ንገሪኝ» ማለት ሌላውን እንግዳ ያሳቅቃል፣ እናትየውም ትሪ ይዛ ስትሯሯጥ መልእክቱን አታየውም። የሚስጥር ቁጥርሽን ከማስገባትሽ በፊት የሚመጣውን ስም አንብቢ፤ አንድ አሐዝ ከተሳሳትሽ ለማታውቂው ሰው ትልኪያለሽ። ከዚያ አጭር መልእክት፦ «ለልጃችን ልደት ነው»። ያለ መልእክት የመጣ ብር የዕቁብ ይሁን የብድር ምን ያውቃሉ?

የፒያሳዋ፦
በቴሌብሩ አልስማማም። ለራቀ ሰው ነው እንጂ በእግሩ ለመጣ ሰው ፖስታ ይሻላል። ከላከችም ባዶ እጇን እንዳትገባ።

አራት ኪሎ 27፦
በፖስታ አደርገዋለሁ፣ ተባረኩ። በልጅቷ የባንክ ሒሳብ ባስገባላትስ? ስጦታ አታምጡ ካሉስ?

ሒሳብ ያዥ፦
ወላጆቹ ራሳቸው ቁጥሩን ከሰጡሽ አስገቢ፣ አንቺ ግን አትጠይቂ። የሕፃን ሒሳብ የሚከፍተው በልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው፤ ያልከፈተ ቤተሰብ ሲጠየቅ ይሸማቀቃል። ደግሞም በ2010 ዓ.ም ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ባለው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 1,000 ብር 15 ዓመት ቢቀመጥ፣ ግብር ሳይቀነስ 2,760 ብር ገደማ ነው የሚሆነው። የዕቃ ዋጋ ከዚያ በላይ እየሮጠ ስለሆነ፣ ዘንድሮ ጫማና የትምህርት ቤት ቦርሳ ቢገዙላት ይበልጥ ይጠቅማታል።

አታምጡ ካሉ ብሩን ተዪው፣ ቃላቸውን አክብሪ። አንድ ኪሎ ሙዝ ወይም ብርቱካን ይዘሽ ግቢ፤ ያንን ማንም ስጦታ ብሎ አይመልሰውም።