ህንድ ውስጥ ጤነኛ መኪና ለምን በርካሽ ይሸጣል? ምክር ፈልጌ ነው

ተማሪው (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። ያለሁት ቪሻካፓትናም ነው፤ ሰዉ ቪዛግ ይላታል። ዶክትሬቴን ልጨርስ ሁለት ዓመት ገደማ ይቀረኛል። ባለቤቴና የሦስት ዓመት ልጄ ስለመጡ ያገለገለ መኪና ልገዛ ብዬ ሦስት አየሁ። አንዱ የ2016 ሬኖ ደስተር ነው፣ ናፍጣ። ሌላው የ2017 ፎርድ ኢኮስፖርት፣ ቤንዚን። ሦስተኛው የ2018 ማሩቲ አልቶ 800። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ግራ ያጋባኝ ዋጋው ነው። ደስተሩ አዲስ እያለ ከአልቶው እጥፍ በላይ ያወጣ ነበር። አሁን ደላላው የሚጠራልኝ ከአልቶው ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ነው። ሞተሩ ጸጥ ያለ፣ ቦዲው ንጹሕ። እኛ አገር ቪትዝ አምስት ዓመት ተነድታ ከተገዛችበት በላይ ትሸጣለች። እዚህ ትናንት የተሻሙበትን መኪና ዛሬ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ምን ቢኖርበት ነው? ስጨርስ መሸጤ አይቀርም፣ ያኔ እንዳልከስር።

ሰናይት ከፑኔ

ወንድሜ፣ መኪናው ምንም ላይኖርበት ይችላል። ፈላጊው ነው የሄደው።

ደስተር በ2012 ሲመጣ ከፍ ያለ፣ ጉድጓድ የማይፈራ፣ ዋጋውም የማይገድል መኪና እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በ2015 ሃዩንዳይ ክሬታን አመጣ፤ ውስጡ ያማረ፣ መቀመጫው የሚመች። ሬኖ ግን ያንኑ ደስተር እዚህም እዚያም እየነካካ መሸጡን ቀጠለ። እዚህ መኪና ለቤተሰብ፣ ለጎረቤት፣ ለሠርግም ነው የሚገዛው። በዚያው ዋጋ አዲስ መልክ እያለ አሮጌ መልክ ማን ይወስዳል?

ናፍጣውም አለ። ድሮ መንግሥት ይደጉመው ስለነበር ከቤንዚን በጣም ይረክስ ነበር። በኦክቶበር 2014 ዋጋው ለገበያ ተለቀቀ። ልዩነቱ ሲጠብ፣ ለናፍጣ ሞተር የሚጨመረው ገንዘብ የሚመለሰው ብዙ ለሚነዳ ብቻ ሆነ። በኤፕሪል 2020 ቢኤስ 6 የሚሉት ጥብቅ የጭስ ደንብ ሲመጣ ደግሞ ሬኖም ማሩቲም ናፍጣን እርግፍ አድርገው ተዉት። የዚያ ደስተር ምርት ራሱ በ2022 ቆመ። አንተ የምታየው የዚህን ሁሉ ድምር ነው።

የቀድሞ ዴልሂ

ታርጋው ምን ይላል? በዲኤል፣ ማለትም በዴልሂ ምልክት፣ የሚጀምር ከሆነ እዚያ ላይ ቁም።

የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ የሚያየው፣ የአረንጓዴው ፍርድ ቤት የሚሉት፣ በ2015 ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ናፍጣና ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ቤንዚን መኪና በዴልሂና በዙሪያዋ እንዳይነዳ ወሰነ። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሲላላና ሲጠብቅ ኖሯል። ባለቤቶቹ ግን ዕድሜው ሳይደርስ መኪናውን ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት መግፋት ለምደዋል። ርካሹ ከዚያም ሊመጣ ይችላል።

ሌላ ግዛት ከ12 ወር በላይ ልትነዳው ከሆነ እንደገና ማስመዝገብ ግድ ነው። ለዚያ ከዴልሂው የትራንስፖርት ቢሮ፣ አርቲኦ ከሚሉት፣ «ተቃውሞ የለንም» የሚል ወረቀት ያስፈልጋል። ኤንኦሲ ይሉታል። ቪዛግ ያለችበት የአንድራ ግዛት የመንገድ ግብርም አለ። ደላላው ይህን ሁሉ ዋጋው ውስጥ አይነግርህም። ወረቀቱን በእጅህ ሳትይዝ ቀብድ እንዳትሰጥ።

ሃይደራባድ ነኝ

እኔ አልቶ በል እላለሁ። ለዓመታት በሽያጭ አንደኛ የነበረ መኪና ነው። ከሞተር ሳይክል የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚወጣበት እሱ ነበር። የሚጠየቀውም አንድ ጥያቄ ነው፦ «ኪትና ዴቲ ሃይ?» በአንድ ሊትር ስንት ትሄዳለች ማለት ነው።

አልቶ 800 በ2023 ቆመ፤ ትንሽ የሚበልጠው ኬ10 ቀጥሏል። ደንቡ በጠበቀ ቁጥር የትንሽ መኪና ዋጋ ይወጣል፣ ያ የሞተር ሳይክል ሰው ደግሞ አይደርስበትም። የሚደርስበት ደግሞ ትንሽ ጨምሮ ከፍ ያለ መኪና ይገዛል። በ2024 በሽያጭ አንደኛ የወጣው ታታ ፓንች ነው፤ ማሩቲ ለ40 ዓመት የያዘውን ቦታ ነጠቀ። አዲስ አልቶ መግዛት ያቃተው ሰው ግን የት ይሄዳል? አሮጌ አልቶ ፍለጋ! ስትሸጥ ገዢ አታጣም።

ሰናይት ከፑኔ

ሃይደራባድ፣ ልጅ አለው እኮ! መኪና እያጋጨ ደህንነቱን የሚፈትነው ግሎባል ኤንካፕ በ2014 አልቶ 800ን ሲፈትን ውጤቱ ዜሮ ኮከብ ነበር። ለሾፌር የአየር ከረጢት ግዴታ የሆነው በጁላይ 2019 ነው። የ2018ቱ ላይ ላይኖር ይችላል። ከተማ ውስጥ እሺ፣ ከከተማ ለመውጣት ግን እኔ ልጄን አላስቀምጥበትም። ህንዶቹም ቢሆኑ ታታ ኔክሰን በ2018 አምስት ኮከብ ካገኘ ወዲህ ኮከብ መጠየቅ ጀምረዋል።

ጋሽ ፍሪሲዮን (ጋራዥ፣ አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ኢኮስፖርቱን ማንም አላነሳልህም። ፎርድ በሴፕቴምበር 2021 ህንድ ውስጥ መኪና መሥራት አቆማለሁ አለ። በ10 ዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሬያለሁ ብሎ ነው። የሳናንድ ፋብሪካውን ታታ ገዛው። መኪናው ክፉ ስለሆነ አልወደቀም፤ ሰው የፈራው «ነገ መለዋወጫ ከየት አመጣለሁ» ብሎ ነው። ፎርድ ሰርቪስና መለዋወጫ እንደሚቀጥል ተናግሯል። ለሞተሩ ዕቃ ብዙም አትጨነቅ። የመብራትና የቦዲ ዕቃ ግን ቀድመህ ጠይቅ።

ሄደህ ስታየው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሣ። አሙቆ ከጠበቀህ ጠርጥር። ፍሪሲዮኑን ዳገት ላይ ሞክረው። የሰርቪስ ደብተር ከሌለው ኪሎሜትሩን አትመን።

የቀድሞ ዴልሂ

ጋሼ ልክ ናቸው። እኔም ከአገር የወጣ ኩባንያ መኪና ነበረኝ፣ ስሙ ይቅር። ለአንድ የኋላ መብራት 40 ቀን ጠብቄያለሁ። ሞተሩ ግን አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ስሸጠው አዘንኩ፣ በዋጋውም በመለየቱም።

ተማሪው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደስተሩን ታርጋ አየሁ፣ ዲኤል ነው። ኤንኦሲውስ ስለው ደላላው «ይመጣል፣ ይመጣል» አለኝ። ተውኩት። ባለቤቴ የሰናይትን መልስ ስላነበበች የአልቶው ነገር አብቅቷል። ቅዳሜ ጠዋት ኢኮስፖርቱን ሄጄ ላየው ነው፣ ሞተሩን እንዳያስነሡ ነግሬያቸዋለሁ። ጋሽ ፍሪሲዮን፣ ባለቤቱ የሰርቪስ ደብተሩን «እየፈለግኩ ነው» ካለ ሦስት ቀን ሆነው። ምን ልበል?

ጋሽ ፍሪሲዮን (ጋራዥ፣ አዲስ አበባ)

የታርጋ ቁጥሩን ይዘህ ሰርቪስ ወደሚያስደርግበት ማዕከል ሂድና ታሪኩን ጠይቅ። እሱ ደብተሩን ይፈልግ።